የግራው ፓነል

የካቲት 4፣ ሰኞ

የሜዳው ዘበኛ ትናንት ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ። "እዚያ ከነፋስ በቀር የሚያናግረኝ የለም፤ ነፋሱም ተሳዳቢ ነው" ብሎ ነው አሉ የሄደው። አልፈርድበትም።

ሜዳው ላይ ይሠራል የተባለው የፀሐይ ኃይል ማመንጫ እስካሁን ያለው ወረቀት ላይ ነው። መሬቱ ላይ ያለው ሁለት ፓነል፣ አንድ የመለኪያ ሣጥንና የዘበኛው የቆርቆሮ ክፍል ብቻ ነው። የእኔ ሥራ አቧራ መለካት ነው። ይህንን ለሰው ስናገር "ለአቧራ ብለሽ ነው ያን ያህል ዓመት የተማርሽው?" ይለኛል። የቀኙ ፓነል በየጠዋቱ ይታጠባል። የግራው እንዳለ ይተዋል። መሣሪያው ሁለቱ የሚያመነጩትን ኃይል ያወዳድራል፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት አቧራው የበላው ነው። ብዙ ከበላ፣ ማመንጫው ሲተከል ያ ሁሉ ፓነል በውኃ መታጠብ ሊኖርበት ነው፤ እዚህ ያለው ውኃ ደግሞ ከተማው የሚጠጣው የአንዱ ጉድጓድ ውኃ ብቻ ነው። ጥቂት ከበላ ደረቅ ብሩሽ ይበቃል፤ ጉድጓዱንም የሚነካው የለም።

ጠዋት አለቃዬ ጋ ገብቼ አባቴን ቅጠርልኝ አልኩት። አለቃችንን በሌለበት "አቶ ቶሎ" ነው የምንለው፤ ሰላምታውም ስንብቱም "ቶሎ በሉ" ስለሆነ። "ዛሬ ማታ የሚገባ ከሆነ አያትሽም ይሁኑ" አለኝ።

አባዬ ዕድሜውን ሙሉ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ነው ጡረታ የወጣው። እማዬ ካረፈች ወዲህ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይቀመጣል። ቴሌቪዥኑ ከጀርባው ነው፤ ይሰማዋል እንጂ አያየውም። ሥራ አገኘሁልህ ስለው መጀመሪያ የጠየቀኝ "ዩኒፎርም አለው?" ብሎ ነው። የለውም። የድሮውን የሹፌር ጃኬቱን ከሣጥን አወጣ።

አመሻሽ ላይ ወስጄ አደረስኩት። ሥራው ሌሊት መጠበቅ፣ ጠዋት ፓነሉን አጥቦ ሜዳውን በሚለኩት ቀያሾች መኪና ወደ ቤት መመለስ ነው። የፒክአፑን ሞተር ሳላጠፋ፣ አቶ ቶሎ በስልክ እየጮኸብኝ፣ "የቀኙን በየጠዋቱ በዚህ ጄሪካን ውኃ እጠበው፤ የግራውን ተወው፣ አትድከም" አልኩት። "እሺ፣ የኔ እናት" አለ። ከእንግዲህ እኔ ቢሮ ነኝ፤ የመሣሪያው ቁጥር በኢንተርኔት ይመጣልኛል።

የካቲት 7፣ ሐሙስ

እህቴ ደወለች። "ሽማግሌ ሰው በረሃ ላይ ታሳድሪያለሽ?" ብላ ጀመረችኝ። እሷ ያለችው ሩቅ ከተማ ነው፤ ከሩቅ ሆኖ ማዘን ይቀላል። መልስ ከምሰጣት ብዬ ስልኩን ለእሱ አቀበልኩት። ስለ ሥራው አወራላት፣ ስለ ኮከቡ፣ ስለ ቀበሮዎቹ፣ ስለ ቀያሾቹ ሹፌር አነዳድ ("ማርሽ ሲቀይር ጥርሴን ያመኛል")። ስልኩ ሲመለስልኝ እህቴ ታለቅሳለች። "ሳቀ እኮ" አለችኝ።

የካቲት 13፣ ረቡዕ

ስብሰባ። ከዚያ ደግሞ ስለ ስብሰባው ስብሰባ። ምሳ አልበላሁም።

የግራው ፓነል ነገር ይገርማል። እስከ ባለፈው ሳምንት አቧራው በየቀኑ እየበላው ይወርድ ነበር፤ አሁን ከቀኙ እኩል ለመሆን ምንም አልቀረው። ነፋሱ አቅጣጫ ቀይሮ ይሆናል። አቶ ቶሎ ቁጥሩን አይቶ "ጎበዝ!" አለኝ። ምን ስላደረግሁ እንደሆነ እሱም አያውቅም፣ እኔም አላውቅም።

የካቲት 18፣ ሰኞ

የከተማው የውኃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ዛሬ ቢሮ መጡ። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሜትራቸው ሁልጊዜ አንገታቸው ላይ ነው፣ ሰውን ሲያዩ ከትከሻው ይጀምራሉ። ከተማው ሁሉ እትዬ ነው የሚላቸው። እሳቸው ካልፈረሙ ኩባንያው ሜዳውን አያገኝም። አቶ ቶሎ በስላይድ ሲያስረዳቸው ከቆየ በኋላ ተነሥተው ወደ እኔ ጠረጴዛ መጡ።

"ያ ሰውዬ የሚለው አይገባኝም፤ እየሮጠ ነው የሚያወራው። አንቺ ንገሪኝ። ከጉድጓዳችን ትቀዳላችሁ ወይስ አትቀዱም?"

"አሁን ባለው ልኬት ፓነሉን በውኃ ማጠብ አያስፈልግም።"

"እሱን አልጠየቅሁም፣ ልጄ።"

"አንቀዳም፣ እትዬ።"

"እንግዲህ በአንቺ ቃል ነው የምፈርመው። ባለፈው በጋ ፓምፑ ጭቃ ሲተፋ እዚሁ ነበርሽ።"

ነበርኩ። በዚያ በጋ ነው እማዬን ያስታመምኳት። አንድ ጄሪካን ለማግኘት ከጎረቤት ሴቶች ጋር ጎህ ሳይቀድ ተሰልፌ፣ ገላዋን በኩባያ እየለካሁ አጥባት ነበር። እሷ ደግሞ "ለእኔ አታባክኚው" ትለኝ ነበር። እሱን እያሰብኩ ነው እትዬን "አንቀዳም" ያልኳቸው። ቁጥሩም እንደዚያው ነው የሚለው። ምን ያስጨንቀኛል?

የካቲት 24፣ እሁድ

ነጫጭ ካናቴራዎቼ ከቁምሳጥኑ እየጠፉ ነው። አባዬን ጠየቅሁት።

"አይጥ ይሆናል" አለ።

"አይጥ ካናቴራ ይለብሳል?"

"የዛሬ ጊዜ አይጥ ምን የማይለብሰው አለ!"

ሳቅን። ሳህኑን ጨርሶ ጨምሪልኝ አለ። ስንት ጊዜው ነው ጨምሪልኝ ካለ! ከምሳ በኋላ ጨዋታው መጣለትና ስለ አውቶቡሱ አወራኝ። ተሳፋሪ ጎማ አያይም፣ ሞተር አያይም፣ የሚያየው የፊት መስታወቱን ነው አለ። መስታወቱ ከቆሸሸ ሹፌሩ ናቀኝ ይላል። ስለዚህ በቆመበት ሁሉ ወርዶ ይወለውል ነበር። እማዬ "የእኔን ፊት እንዲህ አብሰህልኝ ታውቃለህ?" እያለች ትቀልድበት ነበር። ይህንን ሲናገር ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ግን ፈገግ አለ። ወንበሩ ዛሬ ወደ ግድግዳው አልዞረም።

የካቲት 29፣ ዓርብ

አቶ ቶሎ "በረሃው ራሱን ያጸዳል" የሚል ዓረፍተ ነገር ፈጠረ። ለማመንጫው ገንዘብ የሚሰጡት አበዳሪዎች የሚያዩት ሰነድ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በትልቁ ተጽፏል። የውኃ ማጠራቀሚያው ከዲዛይኑ ወጣ። የስምምነቱ ፊርማ መጋቢት 25 ነው። ሁሉም ሰው እኔን ሲያይ ፈገግ ይላል። እኔ ራሴን ያዞረኛል፤ እንቅልፍ ነው የሚያስፈልገኝ።

መጋቢት 4፣ ረቡዕ

ትናንት ከሰዓት ያ ቀዩ አቧራ ከተማውን ዋጠው። በጠራራ ቀን መብራት አብርተን ሠራን። ጥርሴ መካከል አሁንም ይንኮሻኮሻል፤ ፀጉሬን ሁለቴ ታጥቤ ውኃው ቀይ ሆኖ ነው የወረደው።

አባዬ እንደምንም እሄዳለሁ ብሎ ሄደ። "ሹፌር አቧራ ፈርቶ አይቀርም" አለኝ።

ዛሬ ጠዋት ቢሮ እንደገባሁ ቁጥሩን ከፈትኩ። ትናንት አመሻሽ ላይ የሁለቱም ፓነል ቁጥር ወድቆ ነበር፣ እንደሚጠበቀው። ዛሬ ፀሐይ ስትወጣ ግን የግራውም ከታጠበው ከቀኙ እኩል ሆኖ ተገኘ። ነፋስ ያመጣውን ነፋስ ወሰደው ማለት ነው። ሜዳው ገላጣ ስለሆነ ይሆናል። አዎ፣ ይሆናል። አቶ ቶሎ "አላልኩሽም!" እያለ ኮሪደሩን በደስታ ዞረው።

የቢሮዬን መስኮት ግን ምንም ነፋስ አልጠረገልኝም። በእጄ ነው ያጸዳሁት።

መጋቢት 6፣ ዓርብ

ጠዋት ቀያሾቹ ሳይነሡ ወደ ሜዳው ሄጄ ነበር። ከመኪና ሳልወርድ ተመለስኩ። የሣጥኑን ቁልፍ ረስቼ ነው።

የጫማዬ ተረከዝ ለቀቀ። ነገ ለጫማ ሰፊ እሰጠዋለሁ።

መጋቢት 9፣ ሰኞ

ዛሬ ቀን፣ አባዬ ቤት ተኝቶ ሳለ፣ ተመልሼ ሄድኩ። የግራውን ፓነል ፀሐይ በጎን ስትመታው ቆሜ አየሁት። መስታወቱ ላይ ጭረት አለ፤ ቀጭን፣ ክብ ክብ፣ አንዱ ክብ በሌላው ላይ የተደረበ። ደረቅ ጨርቅ ይዞ እጁን የሚያዞር ሰው ነው እንዲህ የሚሠራው። ነፋስ ክብ አይሠራም። ቆርቆሮው ክፍል ውስጥ ገባሁ። አልጋው እንደ ወታደር አልጋ ተነጥፏል። ከራስጌው ካናቴራዎቼ ተቀዳደው፣ ታጥበው፣ በመጠን በመጠን ታጥፈው ተደርድረዋል።

የማን እጅ እንደሆነ ለመጻፍ ብዕሩን ይዤ ስንት ጊዜ ተቀመጥኩ። አባዬ ነው። ይኸው ጻፍኩት።

ውኃ እንዳያባክን ብሎ በደረቅ ነው የሚያጸዳው፤ በየቀኑ በደረቅ ማሸት መስታወቱን እንደሚጭር አያውቅም። ለእኔ ብሎ ነው። "ተወው፣ አትድከም" ያልኩት ለወገቡ ያዘንኩለት መስሎታል። አንድ ልጅ አባቷ እንዳይደክም ሥራ ስታስቀርለት፣ አባት ምን ያደርጋል? ተነሥቶ ይሠራዋል እንጂ! የግራው የሚቆሽሸው ለመቆሸሽ ተብሎ እንደሆነ አልነገርኩትም። ሞተሩን አጥፍቼ፣ ከመኪናው ወርጄ፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር መናገር ነበር። ስልኩን ልመልስ ስል ተውኩት።

አሁን ምን ልሁን? ብናገር አባዬ ከሥራ ይባረራል፤ ይህን ሁሉ ያበላሸው እሱ መሆኑንም ይሰማል። ተመልሶ ወደ ግድግዳው ይዞራል፤ ይህን ጊዜ ከዞረ የሚመልሰው የለም። ዝም ብል እትዬ በእኔ ቃል ይፈርማሉ። ማመንጫው ይተከላል፣ በሁለት ወሩ አቧራው ይበላዋል፣ አቶ ቶሎ ወይም ተተኪው "ቶሎ በሉ" ብሎ ጉድጓዱ ላይ የራሱን ፓምፕ ያስገባል። የዚያን ጊዜ ማን ሊያስቆመው ነው?

ነገ እነግረዋለሁ። ገር አድርጌ እነግረዋለሁ።

መጋቢት 11፣ ረቡዕ

አልነገርኩትም።

ደረጃው ላይ ሁለቱ ቀያሾች ሲያወሩ ሰማሁ። "የሽማግሌው ፓነል ላይ ፊቴን አይቼ ፀጉሬን አበጠርኩ" ይላል አንዱ። "የትኛው ላይ?" "የፈለግከው ላይ፤ ሁለቱም መስታወት ነው!" ተሳሳቁ። እኔ ስደርስ ሳቃቸውን ገትተው ሰላም አሉኝ። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ አለፍኩ።

መጋቢት 15፣ እሁድ

ዛሬ እነግረዋለሁ ብዬ ምሳውን ራሴ ሠርቼ፣ ሬዲዮውን ዘግቼ ተቀመጥኩ።

"ሥራው እንዴት ነው፣ አባዬ?"

"ምን እንዴት ነው ይባላል! ልክ እንደ አውቶቡሷ ነው። ሌሊት ዝም ትላለች። ጠዋት ፊቷን ሳጸዳላት ታበራለች።"

"አትቸገርም?"

"ምን ያስቸግረኛል?"

"ማለቴ... ጨርቅ ይበቃሃል?"

ፊቱ እንደ ልጅ ቀላ። "ደርሰሽበታል ለካ! አይጡ ተያዘ በይኛ!" ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ? በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶልኝ ሳለ ነው የሳቅሁት። ከዚያ ሳቁ በረድ አለና ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ፣ "ልንገርሽ? ያኔ ወንበሩ ላይ ስውል እናትሽን ተከትዬ መሄድ ነበር የምመኘው። አሁን ጠዋት ጠዋት የሚጠብቀኝ ነገር አለ" አለኝ።

አንጀቴን በላው። ሳህኖቹን አንሥቼ ወደ ማጠቢያው ሄድኩና ውኃውን ከፍቼ ቆምኩ። ቧንቧው ትንሽ አስሎ ቀጭን አድርጎ አወረደ።

መጋቢት 18፣ ረቡዕ

ጫማ ሰፊው ጋ እትዬን አገኘኋቸው። ኮሚቴው ተስማምቷል አሉኝ። "ሦስቱ አንፈርምም ብለው ነበር፤ የሹፌሩ ልጅ አትዋሽም አልኳቸው" አሉ። ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው ጠቅልለው እንደገና ሰቀሉት። "ቃልሽ ቃል ነው አይደል?"

"ነው" አልኩ።

ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ የግድ ነው ያለው ማን ነው? መሣሪያ ይበላሻል። በረሃ ላይ ያለ መሣሪያ ደግሞ ከሌላው ይበልጥ ይበላሻል። የመለኪያ ሣጥኑ ተዛብቷል፣ የሰባት ሳምንቱ ቁጥር አይታመንም፣ ልኬቱ እንደ አዲስ ይጀመር ብዬ እጽፋለሁ። ፊርማው ይቆማል፣ ጉድጓዱ ይተርፋል። አባዬን ደግሞ ያኔ ቀስ ብዬ፣ "አሁን አዲስ መመሪያ መጥቷል፤ የግራውን አትንካ" እለዋለሁ። ማንም አይጎዳም። ሪፖርቱን ስጽፈው አንድ ቃል አልሰረዝኩም፤ ሳስበው ይሄ ነው የሚያስፈራው።

መጋቢት 20፣ ዓርብ

ሪፖርቱን ሰጠሁት። አቶ ቶሎ ቆሞ አነበበው፣ ተቀምጦ ደገመው። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብሎ ተናገረ። "አምስት ቀን ሲቀረው?" አለኝ። "አምስት ቀን ሲቀረው ነው ይህንን የምታመጪልኝ?" ከዚያ መጮህ ጀመረ። ጩኸቱ ይሻለኛል።

ከዋናው መሥሪያ ቤት ቴክኒሻን ሊልኩ ነው።

መጋቢት 25፣ ረቡዕ

ፊርማው ሊፈረም የነበረበት ቀን። አዳራሹ ባዶ ነው፤ ወንበሮቹ ተደርድረው ቀርተዋል።

ቴክኒሻኑ ሰኞ ገብቶ ሣጥኑን ፈታው፣ ገጠመው፣ ደግሞ ፈታው። ትሑት ልጅ ነው፣ ድምፁ አይሰማም። ዛሬ ሁላችንም ፊት "መሣሪያው ጤነኛ ነው" አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አቶ ቶሎ ወደ ቢሮው ጠርቶኝ በሩን ሳይዘጋ፣ ሌላው ሁሉ እየሰማ፣ "ለማን ብለሽ ነው? ለልብስ ሰፊዋ ነው?" አለኝ። ከኮሚቴው ጋር ተመሳጥሬ ሥራውን ያደናቀፍኩ መስሎታል። "አይደለም" ብቻ አልኩ። "ታዲያ ለማን?" አለ። ለዚህኛው መልስ ነበረኝ፤ ዋጥኩት።

እስከ ሰኞ እንድጠብቅ ተነገረኝ። ምን እንደምጠብቅ አልተነገረኝም።

መጋቢት 27፣ ዓርብ

ዛሬን ሳልጽፍ አልተኛም።

ረፋዱ ላይ በመስኮት ሳይ አባዬ ግቢውን አቋርጦ ይመጣል። ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል፤ ጫማውን ቀለም ቀብቷል። ከኋላው ቴክኒሻኑ አንገቱን ደፍቶ ይከተለዋል። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ደረጃውን በሩጫ ብወርድም አልደረስኩበትም፤ በሌላው በር ገብቶ የአቶ ቶሎን ቢሮ አንኳኩቷል።

የሆነው እንዲህ ነው። ቴክኒሻኑ ጠዋት ሜዳው ላይ አባዬን "አባት፣ የግራውን ነክተውት ያውቃሉ?" ብሎ ጠይቆታል። አባዬም ኮራ ብሎ "አንድ ቀን ሳላጸዳው ቀርቼ አላውቅም" ብሎታል። ልጁ አስረድቶታል። እኔ ያላስረዳሁትን እሱ መሬት ላይ በጣቱ እየሳለ አስረድቶታል። አባዬ ሰምቶ ሲጨርስ፣ "መሣሪያው ተበላሽቷል ያለው ማን ነው?" ብሎ ጠየቀ። "ልጅዎ" አለው።

ስገባ አባዬ ጠረጴዛው ፊት ቀጥ ብሎ ቆሟል። ወንበር ሰጥተውት አልተቀመጠም።

"መሣሪያው ደህና ነው" አለ። "እኔ ነኝ።"

"ምን ማለትዎ ነው፣ አባት?" አለ አቶ ቶሎ።

"የግራውን በየጠዋቱ ስወለውል የነበርኩት እኔ ነኝ። ቆሽሾ ሲቆም የእሷ ሥራ የቆሸሸ መሰለኝ። ልጅቷን አትናገራት፤ እሷ ለእኔ ብላ ነው። አላወቅሁም ነበር፣ አሁን አወቅሁ።"

ከጀርባ፣ በር ላይ ከቆሙት አንዱ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት በሳል አስመሰለ። አባዬ ሰማው። ዞር ብሎ አላየም፤ ጆሮው ግን ቀላ። ከዚያ የቆርቆሮውን ክፍል ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና እኔን ሳያየኝ በአጠገቤ አልፎ ወጣ።

መጋቢት 28፣ ቅዳሜ

ትናንት ማታ እህል አልቀመሰም። ዛሬ ቁርስ ላይ እየጠበቅሁ ሳለ ራሱ ጀመረው።

"ያን ቀን መኪናሽን አይቻታለሁ።"

"የቱን ቀን?"

"ከአቧራው በኋላ ነው። መንገዱ ዳር ቆመሽ ነበር። እኔ የሞተር ድምፅ ልስት? ጨርቁን እንደያዝኩ እጄን አነሣሁልሽ። አዙረሽ ሄድሽ።" ኩባያውን አዞረው። "አይታኝ ደስ ብሏት ነው አልኩ። ከዚያ ቀን ወዲህማ ይበልጥ ነው ያሳመርኩት።"

እጁን ሲያነሣ አላየሁም ልለው አፌን ከፈትኩ። አይቻለሁ። ፀሐይዋ ከኋላው እየወጣች ነበር፤ ጨርቁ እጁ ላይ ይውለበለባል። አይቼ ነው ያዞርኩት።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"አሳዘንከኝ፣ አባዬ።"

"አሳዘንኩሽ" አለ ቀስ ብሎ። ሁለት ጊዜ ደገመው። "እኔ እኮ መንገድ ስቼ አውቃለሁ። ተሳፋሪው 'ሹፌር፣ ተሳስተሃል' ይለኛል፤ አዙሬ እመለሳለሁ። አንዳንዱ ይሰድበኛል፤ ይስደበኝ። እንዲህ ነው የኖርኩት። አንቺ ግን መሣሪያ ተበላሸ ብለሽ ጻፍሽ። እዚያ ቦታ ሰው እንዳልነበረ አድርገሽ ጻፍሽ።"

ተነሥቶ ወጣ። እኔ ቁርሱ ፊት ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ሚያዝያ 2፣ ረቡዕ

ልኬቱ ከዜሮ ይጀመራል። አበዳሪዎቹ እስከሚቀጥለው በጋ እንጠብቃለን ብለዋል። ወይም አይጠብቁም፤ አቶ ቶሎ ራሱ አያውቅም። ዛሬ ኮሪደር ላይ ሲያገኘኝ "ቶሎ" አላለኝም። ደክሞት ነው የሚሄደው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አዘንኩለት። "ሙሉውን ሪፖርት ሰኞ አምጪ፤ ስለ አንቺ ከዚያ በኋላ ይወሰናል" አለኝ።

እትዬ ቤታቸው ጠሩኝ። ከማሽናቸው ቀና ሳይሉ ሰሙኝ። ቁጥሩ ሐሰት እንደነበረ፣ እውነተኛው ምናልባት ውኃ እንደሚፈልግ፣ አውቄ ለሳምንታት ዝም እንዳልኩ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት።

"ከእንግዲህ በቃልሽ አልፈርምም" አሉኝ። "አዲሱ ልኬት ላይ የእኛም ሰው ይቆማል።"

"ልክ ነዎት።"

"ልክ መሆኔንማ አውቃለሁ።" መርፌው ላይ ሌላ ክር አስገቡና "አባትሽ እንዴት ነው?" አሉ። አባዬ በረንዳው ላይ ይውላል። ወደ ግድግዳው አልዞረም። እኔን ግን አያናግረኝም፤ ጨው ሲፈልግ ጨውን እንጂ እኔን አይጠራም።

ሚያዝያ 6፣ እሁድ

ሪፖርቱን ቀኑን ሙሉ ጻፍኩት፣ ሰረዝኩት፣ ጻፍኩት። አመሻሽ ላይ ወረቀቱን ይዤ በረንዳው ላይ አጠገቡ ተቀመጥኩ። "ልታነቢልኝ ነው?" አለ። ከስምንት ቀን በኋላ ለእኔ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ይሄ ነው። መነጽሩን አላወጣም፤ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠኝ።

"የጣቢያው ጠባቂ ዓላማው ስላልተነገረው፣ የግራውን ፓነል በየቀኑ በደረቅ ጨርቅ ያጸዳ ነበር..."

"ጠባቂው ማነው?"

"አንተ ነሃ፣ አባዬ።"

"ጠባቂ ማለት ማንም ነው። ስሜን ጻፊ።"

"ይሄ ወረቀት እኮ ዋናው መሥሪያ ቤት ነው የሚሄደው። ፋይል ውስጥ ይቀራል፣ የሚያነበው ሁሉ..."

"ያንብበው። የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ሰው ነኝ፣ ስም አለኝ። ያልነገረኝም ማን እንደሆነ ጻፊ።"

ገባሁና እስክሪብቶ አመጣሁ። "ጠባቂ" የሚለውን ሰርዤ ስሙን ጻፍኩ። "ስላልተነገረው" የሚለውን ሰርዤ "እኔ ስላልነገርኩት" አልኩ። "በአምስተኛው ሳምንት በዓይኔ አይቼ ዝም ብያለሁ" ብዬ ጨመርኩ። እንደገና አነበብኩለት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና "እንዲህ ነው" አለ። ወንበሩን ትንሽ ጠጋ አድርጎ ወረቀቱን በጉልበቱ ላይ ያዘልኝ፤ ነፋስ ነበር።

ከግርጌው ፈረምኩ። መጀመሪያ የእኔን ስም፣ ቀጥሎ ማንበብ ከተማርኩ ጀምሮ ከስሜ አጠገብ እንደምጽፈው፣ የእሱን።